መጽሔት ለሚያቋቁም ሰው የሚገባው ርዳታ

ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ብርዕ ተቀርጾ መጽሐፍ በሚጻፍበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ያለ ብዙ ሰው ድካም አይፈጸምም ነበር። ቁም ጸሐፊው ይጽፋል፤ ለብራናው የሚሆነውን ፍየልና በግ የሚያቀርብ፣ ለጸሐፊውም ቀለቡንና ልብሱን የሚችል አጻፊ አለ፤ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ የሚያነበውና የሚተረጕመው መምህር አለ፤ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ አለ። ስለዚህ አባቶቻችን በመጽሐፉ መጨረሻ ምሕረትን ሲለምኑ የጻፈውን ብቻ አያነሡም፤ ያጻፈውንም፣ ያነበበውንም፣ የተረጐመውንም፣ የሰማውንም አብረው ያነሣሉ። ይህን ሊቃውንቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና ማስረዳት አያሻም። እኔ ዛሬ ነገሩን ያነሣሁት በዘመናችን መጽሔት ለማቋቋም የሚነሣ ሰው ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል ጸሐፊው ብቻ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም አጻፊውን ሳያገኝ ስለሚቀር ነው።

አንድ ወጣት ወይም አንዲት ወጣት የቢሮ ሥራቸውን ትተው መጽሔት ሊያቋቁሙ ተነሡ የተባለ እንደ ሆነ ዘመድ ይሰበሰባል። እናት «ልጄ፣ ምን ጐደለብህ?» ትላለች፤ አጎት «ደመወዝ ይዞ እንጀራ የሚበላ ሰው ወረቀት ሊሸጥ!» ይላል፤ የእድሜ እኩያ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያነበውን በእጅ ስልኩ ይዞት በሚዞርበት ዘመን የታተመ ወረቀት ማን ይገዛል ሲል ይዘባበታል። ለዚህ ለመጨረሻው አጭር መልስ ልስጥ። በስልክ የተነበበ ጽሑፍ እንደ ወንዝ ውሃ ነው፤ ጠጥተው ያልፉታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ቃል ማን እንደ ጻፈው፣ በኋላም ማን እንደ ለወጠው ለማወቅ ያስቸግራል። የታተመ መጽሔት ግን ቍጥር አለው፣ ቀን አለው፣ የአዘጋጁ ስም አለው፤ ስሕተቱም ሳይቀር በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰው በጻፈው ነገር ተጠያቂ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። ለእናትና ለአጎት የሚሰጠው መልስ ግን ረዘም ያለ ነው፤ እነርሱ የሚጠይቁት ስለ እንጀራ ነውና፤ የእንጀራውም ነገር በእውነት ከባድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወደ ግብጽ አገር እንሂድ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት ታስመጣበት የነበረ አገር ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በካይሮ ከተማ በ1892 ዓ.ም. «አል ሂላል» የሚባል መጽሔት ታተመ፤ ትርጓሜውም አዲስ የታየች ጨረቃ ማለት ነው። ያቋቋመው ጁርጂ ዘይዳን የሚባል የቤይሩት ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው ባለጸጋ አልነበረም። በ1861 ዓ.ም. ተወለደ፤ አባቱ ምግብ ቤት ነበረው፤ ልጁን ከትምህርት አውጥቶ በምግብ ቤቱ አሠራው፤ ቀጥሎም ሙያ ይማር ብሎ ለጫማ ሰፊ ሰጠው። ልጁ ሁለት ዓመት ያህል ጫማ ሲሰፋ ቆይቶ መቀመጡ ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ምግብ ቤቱ ተመለሰ። እንግሊዝኛ የተማረው በማታ ትምህርት ነው። በ1881 ዓ.ም. የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ኮሌጅ ሕክምና ለመማር ገባ፤ ነገር ግን በሚከተለው ዓመት አንድ መምህር ስለ ዳርዊን በተናገረው ንግግር የተነሣ ከሥራው በለቀቀ ጊዜ ተማሪዎች አደሙ፤ ዘይዳንም ከአደሙት አንዱ ነበርና ትምህርቱ በዚሁ ተቋረጠ።

ወደ ካይሮ ከሄደ በኋላም ወዲያው መጽሔት አላቋቋመም። አስቀድሞ በአንድ የዕለት ጋዜጣ ሠራ፤ በ1884 ዓ.ም. በካርቱም የተከበበውን ጎርደንን ለማዳን ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ወደ ሱዳን ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ «አል ሙቅታታፍ» በሚባለው የዕውቀት መጽሔት ውስጥ በአስተዳዳሪነት ሠራ። ይህ መጽሔት በ1876 ዓ.ም. በቤይሩት ተመሥርቶ በኋላ ወደ ካይሮ የተዛወረ ነው። እንግዲህ ዘይዳን የመጽሔትን ሥራ የተማረው በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ምን ያህል ወረቀት እንደሚበላ፣ ምን ያህሉ ሳይሸጥ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ ደንበኛ ዋጋውን ሳይከፍል እንደሚከርም ያየው በዚያ ነው። የእኛ ወጣቶች ይህን ደረጃ ሊዘሉት ይወዳሉ። ግጥም የጻፈ ሰው ሁሉ መጽሔት ማዘጋጀት የሚችል ይመስለዋል፤ ግጥም መጻፍና የወዳጅን ግጥም «አይታተምም» ብሎ መመለስ ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ የሁለተኛውን ያህል ከባድ ነገር በአዘጋጅ ሥራ ውስጥ አላየሁም።

ዘይዳን በመጀመሪያው ቍጥር ስለ ስሙ ምክንያት ሲሰጥ ሦስት ነገር ተናገረ፤ አንደኛው በዚያን ጊዜ አገሩን ይገዛ ለነበረው ለዑስማን መንግሥት ምልክት ክብር ለመስጠት፣ ሁለተኛው መጽሔቱ እንደ ጨረቃ በየወሩ የሚወጣ በመሆኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀስ በቀስ አድጎ ሙሉ እንዲሆን ተስፋ በማድረግ ነው። ይህን ሦስተኛውን ልብ ይሏል። ትንሽ ሆኖ ለመጀመር አላፈረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ጽሑፍ ራሱ ይጽፍ ነበር፤ የታሪክ ልብ ወለድ እየጻፈ በየቍጥሩ ከፍሎ ያወጣው ስለ ነበር ያለፈውን ወር ክፍል ያነበበ ሰው የሚቀጥለውን ሳይገዛ አይተኛም። በሕይወቱ ሃያ ሁለት ያህል እንዲህ ያሉ የታሪክ ልብ ወለዶች ጽፏል። አንባቢዎች ጥያቄ ሲልኩለትም በመጽሔቱ መልስ የሚሰጥበት ዐምድ ነበረው። ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን በመጽሔት ላይ ታትሞ ያየ ሰው መጽሔቱን ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው አድርጎ አይቈጥረውም።

ከዚህ ሰው ታሪክ ይልቁንም የማደንቀው በ1910 ዓ.ም. የሆነውን ነው። በካይሮ አዲስ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ዘይዳን የእስልምናን ታሪክ እንዲያስተምር ጠራው፤ ስለዚሁ ታሪክ አምስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፎ ነበርና። ነገር ግን እርሱ ክርስቲያን ነው፤ ተቃውሞ ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ጥሪውን ሰረዘ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይሰበር ነበር። የዘይዳን እንጀራ ግን በዩኒቨርሲቲው እጅ አልነበረም፤ በየአገሩ ተበታትነው መጽሔቱን በሚገዙት አንባቢዎች እጅ ነበር። ሥራውን ቀጠለ፤ በ1914 ዓ.ም. በድንገት ሲሞት መጽሔቱ ለልጆቹ ተላለፈ። በ1960 ዓ.ም. የግብጽ መንግሥት ጋዜጣዎችን ሁሉ ሲወርስ «አል ሂላል»ም አብሮ የመንግሥት ሆነ። ይህን የምጽፈው የመንግሥት በሆነ ጋዜጣ ላይ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ መንግሥት ጋዜጣ ሊኖረው አይገባም ማለቴም አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በሰባ ዓመት ሊሠራው የማይችለውን ጋዜጣ መንግሥት በአንድ ቀን ትእዛዝ ሊያቋቁም ሲችል፣ ጥቂት ደንበኞች ያሉት የአንድ ሰው መጽሔት ግን ለመንግሥት እንኳ በትእዛዝ የሚቋቋም ነገር አይደለም፤ ቀስ ብሎ ካልበቀለ አይገኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሒሳቡን ሳያውቁ ስለ መጽሔት የሚሰጥ ምክር ሁሉ ባዶ ነው። የማሳተሚያ ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አንድ ቅጂም ቢታተም አምስት ሺሕም ቢታተም የማይለወጠው ነው፤ ይኸውም የጸሐፊዎች ዋጋ፣ የአራሚው፣ የገጹ አቀማመጥ፣ የማተሚያው ዝግጅት ነው። ሁለተኛው በየቅጂው የሚጨምረው የወረቀት፣ የቀለምና የጥረዛ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል የማይለወጠው 60,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ቅጂ ወረቀትና ጥረዛ 80 ብር ነው እንበል። 500 ቅጂ ብቻ ያሳተመ ሰው አንዱ ቅጂ 200 ብር ያወጣበታል፤ 2,000 ያሳተመ ግን 110 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ብዙ ለማሳተም ይቸኵላል፤ ወጥመዱም ያለው በዚህ ነው። መጽሔቱን በ150 ብር ቢሸጥና አዟሪው 40 ብር ቢወስድ ለአዘጋጁ የሚደርሰው 110 ብር ነው፤ እንግዲህ 2,000ው ሁሉ ቢሸጥለት እንኳ ትርፍ የለውም፤ ኪሳራም የለውም። ከእነዚያ 500 ያህሉ ሳይሸጥ ተመላሽ ቢሆን ግን በአንድ ወር 55,000 ብር ይከስራል። እንዲህ ያለውን ወር ሦስት ጊዜ የሚችል ኪስ ያለው ጀማሪ ጥቂት ነው። በአገራችን ደግሞ ወረቀቱ አብዛኛው ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ስለ ሆነ ዋጋው በሁለት ቍጥር መካከል ሊለወጥ ይችላል፤ አዘጋጁ በመጽሔቱ ጀርባ ያተመው ዋጋ ግን ከወረቀቱ ጋር አብሮ አይነሣም።

ይህን ሁሉ የሚያቃልለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የዓመቱን ዋጋ አስቀድሞ የሚከፍል ደንበኛ ነው። ስድስት መቶ ደንበኞች የአሥራ ሁለቱን ወር ዋጋ በዓመቱ መጀመሪያ ቢከፍሉ በላይ ባልነው ዋጋ 1,080,000 ብር ይሆናል። አዘጋጁ ምን ያህል እንደሚያሳትም ከማሳተሙ በፊት ያውቃል፤ ወረቀቱን ዋጋው ሳይወጣ ይገዛል፤ ጸሐፊውን «ስምህ ታተመልህ አይደለም ወይ?» ብሎ በባዶ እጁ አይመልሰውም። እዚህ ላይ ግን ወጣቱን አዘጋጅ ላስጠነቅቀው እወዳለሁ። ያ ገንዘብ ብድር ነው እንጂ ገቢ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ቍጥር ታትሞ በደንበኛው ደጅ እስኪደርስ ድረስ የደንበኛው ነው። በሦስት ወር ቢሮ አስጊጦ፣ የምርቃት ግብዣ ደግሶ ያጠፋውና በአራተኛው ወር «በማተሚያ ቤቱ ችግር ምክንያት» የሚል ማስታወቂያ የሚያወጣ አዘጋጅ አለ። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ላለ መጽሔት ዓመቱን ከፍዬ ሁለት ቍጥር ብቻ ደርሶኛል። የጠፋብኝ ገንዘብ አልቈጨኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሌላው፣ ለታማኙ አዘጋጅ፣ አስቀድሞ ለመክፈል ብዙ ዓመት እጄ ታሠረ። አንዱ አዘጋጅ የበላው የሌላውን ደንበኛ ነው።

ደንበኛ ያላገኘ አዘጋጅ ወደ ባለጸጋ ወይም ወደ ድርጅት ይሄዳል። ይህ ነውር አይደለም፤ የብራናውም መጽሐፍ አጻፊ ነበረው ብለናል። ነገር ግን የብራናው አጻፊ ስሙ በመጽሐፉ ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ማን እንዳጻፈው አንባቢው ሁሉ ያውቃል። ስሙ ያልተጻፈ አጻፊ ምን እንደሚያመጣ ከዩጋንዳ እንማራለን። በካምፓላ ከተማ በ1961 ዓ.ም. ራጃት ኔኦጊ የሚባል የዚያው ከተማ ተወላጅ «ትራንዚሽን» የሚል መጽሔት አቋቋመ። ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት በታች ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያ፣ ከደቡብ አፍሪካ ታላላቅ ጸሐፊዎች የሚከራከሩበት መድረክ ሆነ፤ በአፍሪካ ከታተሙት መጽሔቶች ሁሉ ከፍ ያለ ስም ካገኙት አንዱ ነው። መጽሔቱ መቀመጫው በፓሪስ ከነበረ የባህል ጉባኤ ርዳታ ይቀበል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ግን የጉባኤው ገንዘብ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይመጣ እንደ ነበረ ተገለጠ። ኔኦጊ ይህን አላውቅም ነበር አለ፤ ጽሑፎቹንም ላነበበ ሰው ቃሉ የሚታመን ነው፤ መጽሔቱ የማንም አፍ አልነበረምና። ቢሆንም ቅሉ ንጹሕ የሆነው ሥራው በማያውቀው ሰው ገንዘብ ምክንያት ጥርጣሬ ወደቀበት። በ1968 ዓ.ም. ስለ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ጽሑፍ በማተሙ ታሠረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፈታ፤ መጽሔቱም በ1971 ዓ.ም. በጋና አገር በአክራ እንደገና ታተመ። ካምፓላ ግን መጽሔቷን አጣች።

በአገራችንም በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ከወጣ በኋላ በየመንገዱ አዟሪ እጅ ላይ ብዙ ጋዜጣና መጽሔት ታየ፤ ብዙው ብዙ ዕድሜ አላገኘም። አንዳንዱ በክስና በእሥር ተዘጋ፤ ይህን መደበቅ አይገባም፤ አንዳንዱ ደግሞ ያላጣራውን ወሬ በማተሙ የራሱን ስም ራሱ ቀበረ፤ ሌላው ማንም ሳይነካው በወረቀት ዋጋ ሞተ። በሕይወት ከቆዩትም ጥቂት የማይባሉት የበዓል መጽሔት ሆነዋል። ይህን ስል አንባቢዎቼ የሚያውቁትን የእንኳን አደረሳችሁ ማስታወቂያ ማለቴ ነው። እንቍጣጣሽ ሲደርስ፣ ገና ሲደርስ፣ ፋሲካ ሲደርስ ይህ መሥሪያ ቤትና ያ መሥሪያ ቤት የኃላፊውን ፎቶግራፍ አስይዞ ለሕዝቡ መልካም በዓል ይመኛል፤ ለአንድ ገጽ የሚከፈለው ዋጋ ከብዙ ደንበኞች የዓመት ዋጋ ይበልጣል። አዘጋጁ ይደሰታል፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ስለዚያው መሥሪያ ቤት ከሕዝብ የአቤቱታ ደብዳቤ ሲደርሰው ደብዳቤውን አንብቦ በመሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አላስፈራራውም፤ የፋሲካውን ገጽ አስቦ ነው። ኃላፊውም ቢሆን ይህን አላሰበ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ክፋት ሳያስቡ አቤቱታው ሳይሰማ ይቀራል፤ መሥሪያ ቤቱም ሊያርመው ይችል የነበረውን ጥፋት ሳያውቀው ይከርማል።

ክቡራን ሹማምንትን የምለምነው ለመጽሔቶች ገንዘብ እንዲሰጡ አይደለም፤ ገንዘቡን አሁንም ይሰጣሉ። የምለምነው መንገዱን እንዲለውጡ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ የበዓል ገጽ የሚያወጣውን ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ለቅርንጫፎቹ፣ በሥሩ ላሉ ትምህርት ቤቶች በመጽሔቱ ጀርባ በታተመው ዋጋ ለዓመት ደንበኝነት ቢያውለው መጽሔቱ ገንዘቡን ያገኛል፤ ሠራተኛውና ተማሪው የሚያነበውን ያገኛል፤ አዘጋጁም ውለታ አይኖርበትም፤ ዕቃ ሸጠ እንጂ ምጽዋት አልተቀበለምና። ያንን ሲያደርጉ ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ ዋጋው በወቅቱ ይከፈል፤ ሰነዱ ከገንዘብ ክፍል ወደ ግዥ ክፍል፣ ከግዥ ክፍል ወደ ሒሳብ ክፍል ሲመላለስ ስድስት ወር ያለፈበት መጽሔት ደንበኛ አለኝ ብሎ በባዶ ሆዱ ይሞታል። ሁለተኛ ደንበኝነቱ የሚታደሰውና የሚቋረጠው መጽሔቱ በቀኑ ወጣ ወይስ አልወጣም፣ አንባቢ አነሣው ወይስ አቧራ ለበሰ በሚል ሚዛን እንጂ ስለ መሥሪያ ቤቱ ምን ጻፈ በሚል አይሁን። ይህ ሁለተኛው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው ወር የነቀፈውን መጽሔት ሰነድ ፈርሞ የሚያድስ ኃላፊ ትዕግሥቱ ታላቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንኳ ቢገኝ ብዙ ነው።

ለካህናት አባቶቻችን የምለው ደግሞ ሌላ ነው። በየደብሩ የቅኔ፣ የዜማ፣ የትርጓሜና የአቡሻህር ዕውቀት በቃል ተይዞ ይገኛል፤ መምህሩ ሲያርፍ ግን ከመምህሩ ጋር ይሄዳል። መጽሔት ለዚህ የተዘጋጀ ዕቃ ነው፤ መጽሐፍ ለመጻፍ ዕድሜ የማይበቃው ሊቅ ስድስት ገጽ ለመጻፍ ዕድሜ አያጣም። ብዙ ሊቃውንት ግን ለወጣት አዘጋጅ ጽሑፍ መስጠት ለክብራቸው የማይመጥን ይመስላቸዋል፤ ወይም «እርማቱን እኔ ሳላየው አይታተም» ካሉ በኋላ እርማቱን ለአራት ወር ይዘውት ይቀመጣሉ። አዘጋጁም በበኩሉ ስለ አገባቡ ጠንቅቆ የማያውቀውን የግእዝ ቃል እንደ ወደደ እያተመ ሊቁን ያስቈጣዋል። ይህን ለማስታረቅ አንድ ደብር አንድ እርማት የሚያይ መምህር ለአንድ መጽሔት ቢመድብ፣ መጽሔቱም ለእርማቱ የሚገባውን ዋጋ ቢከፍል መልካም ነው። «ለጽድቅ ነው» እየተባለ ዋጋ የማይከፈልበት ድካም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጥንቃቄ የማይሠራ ድካም ይሆናል፤ የቀድሞው አጻፊ እንኳ ለቁም ጸሐፊው ቀለቡን አልከለከለም።

ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶችም የመጀመሪያው ቍጥር እንዳያታልላቸው። የመጀመሪያውን ቍጥር ወዳጅ ይገዛዋል፣ ዘመድ ይገዛዋል፣ ለወሬው የሚጓጓም ይገዛዋል፤ መጽሔት መሆኑ የሚታወቀው ወዳጅ በሰለቸበትና የማያውቁት ሰው መግዛት በሚጀምርበት በአምስተኛውና በስድስተኛው ቍጥር ነው። ስለዚህ ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ ለመጀመሪያው ቍጥር ሽፋን አያውጡት፤ የመጀመሪያው ሳይወጣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ጽሑፍ ተጽፎና ታርሞ በእጃቸው ይኑር። በዓመት አሥራ ሁለት ቍጥር ለማውጣት የማይችል አራት ያውጣ፤ አራት ብሎ አራት ያወጣ አዘጋጅ አሥራ ሁለት ብሎ ሰባት ካወጣው ይልቅ በሁለተኛው ዓመት ደንበኛ ያገኛል።

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በሐምሌ 1 ቀን ነው፤ አዲስ ዓመት ግን በመስከረም 1 ቀን ይገባል፤ ለዚያ በዓል የሚወጣውም የእንኳን አደረሳችሁ ገጽ ገና አልታዘዘም። በመካከሉ ሁለት ወርና ጳጕሜን አለ፤ ለደንበኝነት አንድ ውል ጽፎ ለመፈረም ይበቃል።